ለሐኪም የሚገባው ክብር



በምንኖርበት ከተማ የሚገኙ ሐኪሞች ማኅበራቸው የተመሠረተበትን ዕለት ሲያከብሩ፣ እኛም ከሌሎች የሃይማኖት አባቶች ጋር ተጠርተን በበዓሉ ላይ ተገኝተን ነበር። ዕድሜአቸውን በሆስፒታል የፈጸሙ አረጋውያን ሐኪሞች በየስማቸው እየተጠሩ ወደ መድረክ ወጡ፤ ካባ ተደረበላቸው፤ የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው፤ ሕዝቡም አጨበጨበ። ከእነርሱ አንዱ፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ፣ ካባውን ከተቀበሉ በኋላ ወደ ወንበራቸው አልተመለሱም። በአዳራሹ መጨረሻ ተቀምጠው ወደ ነበሩት፣ በማዋለጃ ክፍል ለብዙ ዓመታት አብረዋቸው ወደ ሠሩት ነርስ ሄደው ካባውን በእርሳቸው ትከሻ ላይ ደረቡላቸው። ከዚያ ቀን ንግግሮች ሁሉ ይልቅ በልባችን የቀረው ይህ ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ግን አብሮን የነበረ አንድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ዝም ብሎ ቆየና፣ «አባ፣ ፈዋሹ እግዚአብሔር ሆኖ ሳለ ለሰው ይህን ያህል ክብር መስጠት አይበዛም ወይ? ንጉሥ አሳስ ታምሞ ሳለ ሐኪሞችን በመፈለጉ አይደለም ወይ የተወቀሰ?» ሲል ጠየቀን። በመንገድ ላይ አጭር መልስ ሰጠነው፤ መልሱ ግን እርሱንም እኛንም አላረካንም። ጥያቄው የእርሱ ብቻ እንዳልሆነ ስለምናውቅ በዚህ መጽሔት ረዘም አድርገን ልንመልስ ወደድን። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽን በቀር፣ እንደ ጎርጎርዮስ አቈጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ ንጉሥ አሳ የተጻፈውን በጥንቃቄ እናንብብ። ሁለተኛ ዜና መዋዕል በ16ኛው ምዕራፍ ንጉሡን የሚነቅፈው ሐኪም በመጥራቱ አይደለም፤ እግሩን በጽኑ ታምሞ ሳለ ጌታን ትቶ በሐኪሞች ብቻ በመታመኑ ነው። ነቀፋው ያለው «ብቻ» በሚለው ላይ ነው። ዳሩ ግን ይህች ቃል በሌላው ወገንም ትሠራለች፤ ጸሎትን ይዞ እግዚአብሔር ያዘጋጀውን መድኃኒት የሚንቅ ሰውም በራሱ መንገድ አሳን ይመስላል።

ይህን ከማንም ይልቅ አብራርቶ ያስተማረን በኢየሩሳሌም የኖረው የጥበብ መምህር ሲራክ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ መጽሐፉን በዕብራይስጥ ጻፈው፤ የልጅ ልጁም ወደ ግብፅ ወርዶ ወደ ግሪክ ቋንቋ መለሰው። 38ኛው ምዕራፍ የሚጀምረው በሐኪም ክብር ነው። ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር እንደ ሆነ፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እርሱ ራሱ እንደ ሆነ፣ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ይነግረናል። ቀጥሎም በማራ የነበረውን መራራ ውሃ በእንጨት ያጣፈጠውን አምላክ ያስታውሰናል። እናቶቻችን ኮሶውን፣ ፌጦውን፣ ጤና አዳሙን በጓሮ ሲተክሉ ሲራክን አላነበቡም ይሆናል፤ ሥራቸው ግን ከቃሉ ጋር ይስማማል።

ሲራክ ለታመመ ሰው የሚሰጠው ሥርዓት ደግሞ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። አስቀድሞ ጸልይ ይላል፤ ቀጥሎ ከኃጢአት ተመለስ፣ ልብህን አንጻ ይላል፤ ከዚያ መሥዋዕትን አቅርብ ይላል፤ ከዚያም ለሐኪም ስፍራ ስጠው፣ ከአንተም አይራቅ፣ እርሱም ያስፈልግሃልና ይላል። ሐኪሙ የጸሎቱ ተቀናቃኝ ሆኖ አልመጣም፤ በዚያው ሥርዓት ውስጥ ተቀምጧል። እንዲያውም ሐኪሙ ራሱ በሽታውን ለይቶ ያውቅ ዘንድ፣ ሕይወትንም ያድን ዘንድ ወደ ጌታ እንደሚጸልይ ይጨምርበታል። ለሕመምተኛው የምንጸልይ ብዙዎች ነን፤ ሌሊት በቀዶ ጥገና ክፍል ቆሞ ላለው ሐኪም ግን ስንቶቻችን ጸልየናል?

በምዕራፉ ስለ ሐኪም የሚናገረው ክፍል መጨረሻ ቁጥር ደግሞ በሁለት መልክ ደርሶናል። በግሪኩ ትርጓሜ በፈጣሪው ፊት ኃጢአት የሚሠራ በሐኪም እጅ ይውደቅ የሚል ይመስላል፤ ይህም ሐኪሞችን ከሚያመሰግነው ምዕራፍ ጋር እምብዛም አይስማማም፤ ቀልደኞች ደግሞ ደስ እያላቸው ይጠቅሱታል። የዕብራይስጡ ቅጂ ግን ሌላ ነው፤ በፈጣሪው ፊት የሚበድል ሰው በሐኪሙም ፊት ይታበያል የሚል ፍሬ ነገር አለው። ለእኛ ይህኛው ይበልጥ የቀና ይመስለናል፤ በአምላክ ፊት ራሱን ዝቅ ያላደረገ ሰው የሐኪምን ምክር ሊሰማ ይከብደዋልና።

አሁን የራሳችንን በደል እንናገራለን፤ ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያስገደደን ከጥያቄው ይልቅ ይህ ነውና። ከጥቂት ዓመታት በፊት በቁምስናችን የምትኖር አንዲት እናት የሳንባ ነቀርሳ ተገኝቶባት መድኃኒት ጀመረች። ሁለት ወር እንደ ወሰደች ሳሉ ቆመ፤ ሰውነቷም ተመለሰ። በአንድ የጸሎት ስብሰባ ላይ ግን አንድ ሰው፣ አንቺ ድነሻል፣ ከእንግዲህ መድኃኒቱን መዋጥ እምነት ማጣት ነው አላት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ እኛ መጥታ በደስታ ነገረችን። እኛም ደስታዋን ማደብዘዝ ፈራን፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን አለፍን። መድኃኒቱን እንድትቀጥል አልነገርናትም፤ ወደ ጤና ጣቢያውም አልላክናትም። ከጥቂት ቀናት በኋላ የጤና ጣቢያው ነርስ በእግሯ መጥታ ይህች ሴት ለምን እንደ ቀረች ጠየቀችን፤ ያን ጊዜም የሰጠናት መልስ የተድበሰበሰ ነበር።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በተለመደው ሕክምና ለስድስት ወር ሳይቋረጥ የሚወሰደው በከንቱ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አብዛኞቹ ተሕዋስያን ስለሚሞቱ ሕመምተኛው የዳነ ይመስለዋል፤ የቀሩት ጥቂቶች ግን በሰውነት ውስጥ ተደብቀው ይቈያሉ፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ እንደገና ይበዛሉ፤ መድኃኒቱንም የሚቋቋሙ ሊሆኑ ይችላሉ። በእርሷም ላይ የሆነው ይህ ነው። በሽታው ሲመለስ የቀድሞው መድኃኒት አልሠራም። በዓመቱ ቀበርናት፤ ትንሹ ልጅዋም በዚያው መድኃኒቱን በለመደ በሽታ ተይዞ ተገኘ። ልጁን ያዳነው ሐኪም በዚያ በዓል ላይ ካባ ከተደረበላቸው መካከል አልነበረም፤ ገና ወጣት ነውና።

በሬሳዋ ፊት የፍትሐት ጸሎት ስናደርስ፣ ያን እሑድ አንድ ዓረፍተ ነገር ብንጨምር ኖሮ የሚል ሐሳብ አልተለየንም። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ መድኃኒቱን ግን እስከ መጨረሻው ውሰጂ» ማለት ምን ይከብድ ነበር?

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ እንዲህ ያለ ነገር በየመንደራችሁ ይገጥማችኋል። አንድ ሰው ድኛለሁ ሲል ምን ልትሉት ይገባል? ጌታችን ራሱ መንገዱን አሳይቶናል። በሉቃስ ወንጌል በ17ኛው ምዕራፍ ዐሥሩን ለምጻሞች ሲፈውስ ሄደው ራሳቸውን ለካህን እንዲያሳዩ አዝዞአቸዋል። በሙሴ ሕግ ለምጽ መኖሩንና መጥፋቱን መርምሮ የሚወስን ካህኑ ነበረና። ክርስቶስ ፈውሱ እውነተኛ ሆኖ ሳለ ምርመራን አልፈራም። በዘመናችን ያን ምርመራ የሚያደርገው ሐኪሙ ነው። ስለዚህ ድኛለሁ ለሚላችሁ ሰው የምትሰጡት መልስ አጭር ነው፤ እግዚአብሔርን አብረኸው አመስግን፣ ከዚያም ሄደህ ራስህን ለሐኪም አሳይ። መድኃኒት ተው የሚል ቃል ከሐኪም አፍ እንጂ ከእኛ አፍ አይውጣ። የስኳር ሕመምተኛውን ኢንሱሊን፣ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው እንክብል፣ ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖረውን ወንድማችንን መድኃኒት ሁሉ የሚመለከት ነው።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያንም በዚሁ መንገድ ትሄዳለች። በፈረንሳይ አገር በሉርድ፣ እመቤታችን በ1858 ለቅድስት በርናዴታ በተገለጠችበት ስፍራ፣ ከ1883 ጀምሮ የሐኪሞች ቢሮ አለ። ተፈወስኩ የሚል ሰው ሰነዱን ይዞ በዚያ ይመረመራል፤ ሐኪሞቹም አማኞች ብቻ አይደሉም። እስካሁን ከሰባት ሺህ በላይ ሰዎች ፈውስ አግኝተናል ብለው አስመዝግበዋል፤ ቤተ ክርስቲያን ተአምር ነው ብላ ያወጀችው ግን ሰባ ያህሉን ብቻ ነው። አንድን ሰው ቅዱስ ብላ ለማወጅ ተአምር ስትጠይቅም በመጀመሪያ የምትጠራቸው ሐኪሞችን ነው። በሀገራችንም የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ2007 ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ ሁለቱንም በአንድነት መውሰድ እንደሚቻል በግልጽ መናገራቸውን እናስታውሳለን። ያ ቃል ብዙ ነፍስ እንዳተረፈ አንጠራጠርም።

እንግዲህ ወደ ሐኪሞቹ እንመለስ። ቅዱስ ጳውሎስ ለቈላስይስ ሰዎች ሲጽፍ የተወደደው ሐኪም ብሎ የሚጠራው ሉቃስ ወንጌላዊ ነው። አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ማርቆስ ዐሥራ ሁለት ዓመት ደም ይፈስሳት ስለ ነበረችው ሴት ሲጽፍ፣ በብዙ ሐኪሞች እጅ እንደ ተሠቃየች፣ ገንዘብዋን ሁሉ እንደ ጨረሰች፣ እንደ ባሰባትም ሳይሸሽግ ይናገራል። ሉቃስ ግን ያንኑ ታሪክ ሲተርክ ማንም ሊፈውሳት አልቻለም ከማለት ብዙም አያልፍም። ባለ ሙያ ስለ ባለ ሙያ ሲጽፍ እንዲህ ይራራል! ሁለቱም ግን እውነት ጽፈዋል፤ ሐኪም ይደክማል፣ ይሳሳታል፣ አቅሙም ያልቃል። ክብር የምንሰጠው ስለማይሳሳት አይደለም።

ቅዱሳን ቆዝሞስና ድምያኖስ በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን በሰማዕትነት ያረፉ ወንድማማች ሐኪሞች ሲሆኑ፣ ከሕመምተኞች ገንዘብ አንቀበልም በማለታቸው ይታወቃሉ፤ ታሪካቸውን ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት አናስረዝመውም። ወደ ዘመናችን የሚቀርበውን የቅዱስ ዮሴፍ ሞስካቲን ሕይወት ግን ጥቂት እናንሣ። በ1880 በኢጣሊያ በቤኔቬንቶ ተወልዶ በናፖሊ ከተማ የሆስፒታል ሐኪምና የሕክምና መምህር ሆነ። በ1906 የቬሱቭዮ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ፣ ቶሬ ዴል ግሬኮ በሚባለው ስፍራ ወደ ነበረው ሆስፒታል ፈጥኖ ሄዶ ብዙዎቹ አረጋውያንና ሽባዎች የሆኑትን ሕመምተኞች አስወጣ፤ የመጨረሻው ሰው ከወጣ በኋላ ጣራው በአመድ ክብደት ተደረመሰ። በ1911 ኮሌራ በከተማይቱ ሲገባም ከበሽታው ጋር ታግሏል። ድሆችን በነጻ ከማከሙም በላይ መድኃኒት መግዣ ለሌላቸው ገንዘቡን ከማዘዣው ወረቀት ጋር አድርጎ ይሰጣቸው ነበር። በእንግዳ መቀበያ ክፍሉም ያለው የሚጥልበት፣ የሌለው የሚወስድበት ዕቃ አኑሮ ነበር። በየዕለቱ በማለዳ ቅዳሴ ያስቀድስና ይቈርብ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1927 እንደ ልማዱ ቈርቦ፣ በሆስፒታል ሠርቶ፣ ከሰዓት በኋላ በቤቱ ሕመምተኞችን ሲቀበል ቆይቶ በወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ አረፈ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1987 ቅድስናውን አወጁ። ገዳም ያልገባ፣ ካህን ያልሆነ ምእመን ነው፤ ቅድስናውን ያገኘው በነጭ ጋዋን ውስጥ ነው።

ሌላዋ እናት አና ዴንገል ናቸው፤ ታሪካቸው ወደ ገዛ አገራችን ይደርሳል። በ1892 በኦስትሪያ የተወለዱት እኚህ ሴት በአየርላንድ ሕክምና ተምረው በ1920 ወደ ራዋልፒንዲ ሄዱ። በዚያ አገር ባህሉ ሴቶች በወንድ ሐኪም እንዲታዩ ስለማይፈቅድ እናቶች በወሊድ ያለ ረዳት ይሞቱ ነበር። ዴንገል አንዲት ሐኪም ብቻዋን ምን ታደርጋለች ብለው በ1925 በዋሽንግተን ከተማ የሕክምና ሚስዮን ደናግልን ማኅበር መሠረቱ። ይሁን እንጂ በዚያ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ሕግ ደናግል የሕክምናንና የማዋለድን ሥራ በሙሉ እንዲያከናውኑ አይፈቅድም ነበር። ዐሥር ዓመት ያህል ታገሡ፣ አመለከቱ፣ ጸለዩ፤ የካቲት 11 ቀን 1936፣ በሉርዷ እመቤታችን በዓል፣ ቅድስት መንበር ፈቀደች። ቤተ ክርስቲያን አንዳንድ ጊዜ ትዘገያለች ማለት ሐሜት አይደለም፤ በዚያ መዘግየት ውስጥ የሞቱ እናቶች አሉና።

የእነዚህ ደናግል እጅ በ1969 በጉራጌ ምድር አጣጥ ላይ ሆስፒታል አቆመ፤ እርሱም በሉርዷ እመቤታችን ስም ተሰየመ። በዚያ ካሉት ሥራዎች አንዱ በእጅጉ ቀላል ነው፤ የመውለጃ ጊዜአቸው የቀረበና አደጋ ያሰጋቸው ነፍሰ ጡሮች ከሩቅ ቀበሌ ቀድመው መጥተው በሆስፒታሉ ግቢ የሚጠብቁበት ማረፊያ ነው። ከ1987 እስከ 2008 ባሉት 22 ዓመታት የተመዘገበው ተጠንቶ በ2010 በታተመ ጊዜ፣ በማረፊያው ቆይተው ከወለዱት መካከል የሞቱት ከመቶ ሺህ ወሊድ ሲሰላ 90 ያህል ሲሆኑ፣ በማረፊያው ሳይቈዩ በቀጥታ ከመጡት መካከል ግን 1,333 ሆነው ተገኙ። ምጥ ከያዛት በኋላ በቃሬዛ ተራራ መውረድና አስቀድሞ መጥቶ መጠበቅ ይህን ያህል ይለያያሉ። መምህራን ሆይ፣ በየመንደራችሁ ያለችን ነፍሰ ጡር ቀድማ እንድትሄድ መምከር የትምህርተ ክርስቶስ ሥራ አይደለም የሚላችሁ ካለ ይህን ቍጥር ንገሩት።

የሐኪሞች ማኅበር በሀገራችን ታሪኩ ረጅም አይደለም። የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር በ1961 ሲመሠረት በአገሪቱ የሐኪሞች ማሠልጠኛ አልነበረም፤ በጎንደር የጤና መኮንኖች ይሠለጥኑ ነበር፣ በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው ግን ከሦስት ዓመት በኋላ በ1964 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ጥቂት ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች በባዕድ አገር የተማሩ ነበሩ፤ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በሕፃንነታቸው ወደ ሕንድ ተወስደው ያደጉትና ተምረው ወደ አገራቸው የተመለሱት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ግንባር ቀደሙ ናቸው። እነዚያ ጥቂቶች ባይጀምሩ ዛሬ በየወረዳው ሐኪም ባላገኘን ነበር።

ሆኖም ክብር ምንድን ነው? ካባ ብቻ ነውን? ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ የተጠቀመበት የግሪክ ቃል ክብር ማለት ሲሆን ዋጋ፣ ደመወዝ ማለትም ይሆናል። ያው ቃል ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት በ5ኛው ምዕራፍ ይገኛል፤ ስለ ሽማግሌዎች እጥፍ ክብር ከተናገረ በኋላ ወዲያው ለሠራተኛ ደመወዙ እንደሚገባው ይጨምርበታል። በመጽሐፍ ቅዱስ ቋንቋ ክብርና እንጀራ አይለያዩም። በ2017 ዓ.ም. በግንቦት ወር በአገራችን ብዙ የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዛቸውና ስለ ኑሮአቸው ጥያቄ አንሥተው በከፊል ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው ነበር። ያን ጊዜ በየቤቱ ክርክር ነበር፤ ሕመምተኛ ጥሎ መሄድ ተገቢ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ከባድ ጥያቄ ነው፤ እኛም ቀላል መልስ የለንም። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ የሰው ሕይወት ሲጠብቅ ያደረ ወጣት ሐኪም የቤት ኪራይ መክፈል ካቃተው፣ በዓመት አንድ ቀን ማጨብጨባችን ክብር ነው ለማለት ያስቸግራል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን ዐሥራ ሦስተኛ በ1891 ስለ ሠራተኞች ባወጡት መልእክት ተገቢ ደመወዝ የፍትሕ ጉዳይ መሆኑን አስተምረዋል፤ ሐኪም ከዚህ ትምህርት ውጭ የሚሆንበት ምክንያት አይታየንም።

ሐኪሞች ልጆቻችንም ይህን የሚያነቡ ከሆነ አንድ ነገር እንለምናቸዋለን። ድሀው ሕመምተኛ የሚናገረውን እስኪጨርስ ስሙት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ለመናገር የመጣውን ግን የሐኪሙ ችኮላና ቍጣ እንዲደብቅ ያደርገዋል። ከፅንሰቱ ጀምሮ እስከ ተፈጥሮአዊ ፍጻሜው ስላለው የሰው ሕይወት ክብር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1995 በጻፉት የሕይወት ወንጌል በተባለው መልእክታቸው የጤና ባለሙያዎችን ለይተው እንደሚያነጋግሩም እናስታውሳችኋለን፤ ስለዚያ በሌላ እትም ሰፋ አድርገን እንመለስበታለን።

ለጊዜው በየቁምስናው እንዲደረግ የምንጠይቀው ይህ ነው። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በየአካባቢያቸው ረጅም ሕክምና ላይ ያሉትን ሰዎች በጥንቃቄና ምሥጢራቸውን ጠብቀው ይወቁ፤ ይጐብኙአቸው፤ መድኃኒት ማቋረጥ የሚያስቡ ካሉ ለካህኑና ለጤና ጣቢያው ሳይዘገዩ ይንገሩ። ካህናት ለሕመምተኛ ቅብዓ ቅዱስ ሲሰጡ ሐኪም አይቶት እንደ ሆነ ይጠይቁ። የቅዱስ ሉቃስ በዓል በላቲን ሥርዓት ኦክቶበር 18 ቀን፣ በግእዝ ሥርዓት ጥቅምት 22 ቀን ይውላል፤ በዚያ ዕለት በምእመናን ጸሎት ውስጥ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ አዋላጆችና በጤና ጣቢያ የሚያጸዱና የሚጠብቁ ሁሉ ይታሰቡ። በእኛ ቁምስና ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ እንቀበላቸዋለን። በእግሯ መጥታ የጠየቀችንን ያችን ነርስም ጠርተናታል፤ ያኔ ያልሰጠናትን መልስ እንሰጣታለን። ካባ የለንም፤ ቡናና ድፎ ዳቦ ይኖራል።